«እንጨት አንድ»፦ ግንቦት 10፣ በሙዚየም ቀን አራት ኪሎ ላይ ያደረግኩት ንግግር

(ልጆቹ በስልካቸው ቀርጸውት ስለነበር እሱን እየሰማሁ ነው የጻፍኩት። ብዙም አልነካካሁትም፣ እንዳወራሁት ነው።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ኋላ ያላችሁ ይሰማችኋል? እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቦታ ያጣችሁ ልጆች ወደፊት ኑ፣ እዚህ ጋ ሦስት ወንበር አለ፣ አትፈሩ።

በመጀመሪያ እንኳን ለሙዚየም ቀን በሰላም አደረሳችሁ አደረሰን! ይሄ ቀን ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው በዓለም ላይ የሚከበረው፣ በፈረንጆቹ ሜይ 18፣ በኛ ግንቦት 10። ዛሬ ጠዋት ነጠላዬን ለብሼ ስወጣ ጎረቤቴ «ምነው ሰርግ አለ እንዴ?» አለችኝ። «የኛ በዓል ነው» አልኳት። «የናንተ የነማን?» አለች። ስነግራት ዝም ብላ አየችኝና «እኔ የምልሽ፣ ቆይ እዛ ቤት ግን ቀኑን ሙሉ ምንድነው የምትሠሩት?» አለችኝ። ለስንት ዓመት ጎረቤቴ የሆነች ሴት ናት እኮ!

እስቲ እናንተን ልጠይቅ። «ሙዚየም ነው የምሠራው» ብሎ «እና ምን ትሠራለህ?» ያልተባለ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ፣ አንድም የለም።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ለሰው ስትነግር «ልጄ ተምራ ተምራ የድሮ ዕቃ ትጠብቃለች» ነበር የምትለው። በዚያን ጊዜ ቅር ይለኝ ነበር። አሁን ግን በሥራው ወደ 20 ዓመት ልጠጋ ስል ሳስበው ከሷ የተሻለ አድርጎ የነገረኝ ሰው የለም። አዎ፣ መጠበቅ ነው ሥራችን። ግን ከምን? ከሌባ ብቻ ይመስላችኋል? ከሌባማ ቁልፍ ይጠብቃል፣ በር ላይ ያሉት ወንድሞቻችን ይጠብቃሉ። እኔ ዛሬ የማወራው ቁልፍ ስለማይጠብቀው ነገር ነው።

ሦስት ነገር ነው የያዝኩት። አንደኛ ስለ ቤቱ፣ ሁለተኛ ስለ ወረቀቱ፣ ሦስተኛ ስለ ሰዉ። ሁለተኛው ላይ ልቆይ እችላለሁ፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እሱ ነው ልቤን የሚያቃጥለኝ።

ስለ ቤቱ ልጀምር። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ሽቅብ ብትሄዱ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም አለ። ትንሽ አለፍ ብላችሁ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ስትገቡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ማለት ነው፣ ንጉሡ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት፣ መኝታ ክፍላቸው ራሱ ዛሬ ይጎበኛል። ቁልቁል ወደ መስቀል አደባባይ ስትወርዱ ደግሞ የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ቤት ነው። አያችሁ? ሰው የኖረበት፣ የበላበት፣ የተኛበት ቤት ነው። ፒያሳ በ2016 የተከፈተው የዓድዋ መታሰቢያ ከመነሻው ለዚህ ዓላማ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ብዙዎቻችን የምንሠራው በሰው ቤት ነው።

የሰው ቤት ምን ችግር አለው? የሰው ቤት የሚሠራው ፀሐይ እንዲገባ ነዋ! ትልልቅ መስኮት፣ ሰፊ በረንዳ። ለሰው ጥሩ ነው፣ ለካባ ግን ገዳይ ነው። ለጨርቅና ለብራና የሚመከረው ብርሃን 50 ሉክስ አካባቢ ነው፣ ሉክስ የብርሃን መለኪያ ነው፣ ይሄ ማለት ከውጭ ስትገቡ ዓይናችሁ እስኪለምድ የምትደናበሩበት ክፍል ማለት ነው። ጎብኚ ይገባና «መብራት የላችሁም እንዴ? ኧረ አብሩት!» ይላል። ከፍለው ነው የገቡት፣ እውነታቸውን ነው። ግን እባካችሁ ይሄን ለሰው ንገሩልን፣ ብርሃን በጨርቅ ላይ ያደረሰው ጉዳት አይድንም። የሰው ቆዳ በፀሐይ ቢጠቁር ጥላ ውስጥ ሲከርም ይመለሳል፣ የለቀቀ ሐር ግን ጨለማ ውስጥ መቶ ዓመት ብታስቀምጡት አይመለስም። ትናንት ያገኘው፣ ዛሬ ያገኘው፣ ነገ የሚያገኘው ሁሉ እየተደመረ ነው የሚሄደው።

ከዚያ ክረምቱ አለ። የአዲስ አበባን ሐምሌ ታውቁታላችሁ።

አንድ ጊዜ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ከለሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስልኬ ጮኸ። የጥበቃው አባት ናቸው። «ልጄ፣ ስቶሩ ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር እሰማለሁ» አሉኝ። አስቡት፣ በሩ ታሽጓል፣ እሳቸው ውጭ ሆነው ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ነው የሰሙት! በዛ ሰዓት ታክሲ የለም፣ ከባለቤቴ ጋር ጃንጥላ ይዘን በእግራችን ሄድን። ሌላዋን ቁልፍ ያዥ ቀሰቀስናት፣ ያለ ሁለት ሰው በሩ አይከፈትምና። ስንገባ መብራት የለም፣ ሠፈሩ በሙሉ ጠፍቷል። በስልክ መብራት ወደ ላይ ሳይ ኮርኒሱ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቶ ወርዷል፣ ከሱ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ በቀጥታ የብራናዎቹ መደርደሪያ ላይ።

ብራና ምንድነው? የፍየል ቆዳ ነው፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ተለስልሶ የደረቀ ቆዳ። ውሃ ሲያገኝ ቆዳነቱ ትዝ ይለዋል፣ ይሰበሰባል፣ ይጨማደዳል። አንዱን መጽሐፍ ስገልጠው የእመቤታችን ስም በቀይ ቀለም የተጻፈበት ቦታ ፊት ለፊት ያለው ገጽ ላይ መታተም ጀምሯል። ቀዩ ለቋል፣ ጥቁሩ ግን ቆሟል። እጄ ተንቀጠቀጠ። ሲነጋ አንድ የበላይ መጡና «ፀሐይ ወጥቷል፣ ግቢው ውስጥ አስጡት» አሉ። በቅንነት ነው። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃዬን እምቢ ያልኩት ያን ቀን ነው። ብራና በፀሐይ ቶሎ ከደረቀ እንደ ቀንድ ነው የሚሆነው፣ ከዚያ ወዲያ አይገለጥም። በጥላ፣ በቀስታ፣ ቀለም የሌለው ንጹሕ ወረቀት በየገጹ መሃል እያስገባን እያወጣን፣ በየሰዓቱ እየቀየርን፣ አሥራ አንድ ቀን ፈጀብን። የጽዳት ሠራተኞቻችን ሳይቀሩ እጃቸውን ታጥበው አድርቀው ወረቀት ሲቀይሩ ነበር። (በነገራችን ላይ ለብራና ጓንት አይደረግም፣ ቪዲዮ ላይ እያያችሁ ጓንት የላቸውም ብላችሁ አትውቀሱን። ጓንት ሲደረግ ጣት አይሰማም፣ ጠርዙ ይቀደዳል። ንጹሕና ደረቅ እጅ ነው የሚሻለው። ጓንት ለብርና ለነሐስ ነው።)

ጣሪያውስ ካላችሁኝ፣ ከዚያ በፊት ስለ ጣሪያው ደብዳቤ ጽፌ ነበር። አንዴ አይደለም፣ አራቴ። የደብዳቤዎቹ ግልባጭ አሁንም ፋይሌ ውስጥ አለ።

የግዢውን ነገር ደግሞ ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ የመንግሥት ቤት የሠራችሁ ትረዱኛላችሁ። እርጥበት የምትጠጣውን ሲሊካ ጄል ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ አምጪ ተባልኩ። ከየት? በከተማው ለሙዚየም የሚሆነውን የሚሸጥ አንድ ሰው አጥቼ ነው የምዞረው እንኳን ሦስት! ብል ካባ በልቶብን ዲፕ ፍሪዘር ስንጠይቅ ደግሞ «ሙዚየም ሥጋ ያስቀምጣል ወይ?» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ መጣልን። በጽሑፍ መለስኩ፣ ካባው በላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ከተቀመጠ ትሉም እንቁላሉም ይሞታል፣ መርዝ አያስፈልግም፣ የሠራተኛም ሳንባ አይጎዳም ብዬ። የናፍታሊን ሽታ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ውላችሁ ራሳችሁን ይዛችሁ የገባችሁ ሰዎች እዚህ ቁጭ ብላችኋል፣ አያችኋለሁ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ተገዛ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ለመጠቅለያ የሚሆን ልዩ ወረቀት ስናጣ የምናደርገውንም ልንገራችሁ፣ ክፍለ ሀገር ያላችሁ ይጠቅማችኋል። መርካቶ ሂዱ፣ ያልነጣ አቡጀዲ ግዙ። ሙጫው እስኪለቅ ቀቅሉት፣ ያለ ሳሙና ደጋግማችሁ እጠቡት፣ የመጨረሻው ውሃ ጥርት እስኪል። አድርቁና ዕቃውን በሱ ጠቅልሉ። ከጋዜጣ በስንት ጣዕሙ! ጋዜጣ አሲድ አለው፣ እባካችሁ ቅርስ በጋዜጣ አትጠቅልሉ።

እሺ፣ ወደ ሁለተኛው። ወረቀት።

ስድስት ኪሎ ግቢ ገብታችሁ ያንን ደረጃ አይታችሁታል? ሙዚየሙ ፊት ለፊት ያለውን፣ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ወጥቶ የትም የማያደርሰውን? ሰው ፎቶ ይነሳበታል። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፣ ፋሺስቱ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ብለው። ንጉሡ ሲመለሱ አልፈረሰም፣ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ አለቀ! አሁን ይሄን ታሪክ ማንም እንደማያውቀው አስቡት። ምን ይሆናል? ሲሚንቶ። መንገድ የዘጋ ሲሚንቶ። አንዱ «ይሄ ምን ያደርጋል» ብሎ በግሬደር ይጠርገዋል፣ በሱም አይፈረድበትም።

ይሄ ደረጃ ዕድለኛ ነው፣ ታሪኩ ተጽፏል፣ አስጎብኚ ሁሉ ያወራዋል። ስቶር ውስጥ ያሉትስ?

ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ስቶሩን የያዙት አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው፣ ስማቸውን አልጠራም፣ ቤተሰባቸው አለ። ጋሼ ሁሉንም በቃላቸው ያውቃሉ። «ጋሼ፣ የእንትን ቀንድ ዋንጫ የት ነው?» ሲባሉ ተነስተው ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች፣ ከግራ ሁለተኛ፣ እጃቸው ሰተት ብሎ ይገባል። መዝገብ አያዩም። መዝገቡ እሳቸው ናቸዋ! እኛም ምን ያህል እንኮራባቸው ነበር መሰላችሁ። አሁን ሳስበው ያ ኩራታችን ጥፋት ነበር።

ጡረታ ወጡ። ርክክብ ተደረገ። ርክክብ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ የንብረት ክፍል ሰው ይመጣል፣ ሞዴል 19 እና 22፣ የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞቹ፣ ይገላበጣል፣ ይቆጠራል፣ ይፈረማል፣ ክሊራንስ ይሰጣል። ልክ ነው፣ አንድም ዕቃ አልጎደለም። ጋሼ መሸኛቸውን ጨብጠው፣ ጋቢ ተሸልመው ሄዱ።

በሁለተኛው ወር ይመስለኛል አንድ ተመራማሪ ደብዳቤ ይዞ መጣ፣ የራስ ትራሶችን፣ ከእንጨት ተሠርተው ጭንቅላት የሚያርፍባቸውን፣ አሳዪኝ አለ። መዝገቡን ከፈትኩ። «እንጨት 1» ይላል። ቀጥሎ «እንጨት 1፣ ትንሽ»። ቀጥሎ «እንጨት 1፣ እግሩ የተሰበረ»። «ጨርቅ 4»። «ቆዳ፣ ልዩ ልዩ፣ 1 ካርቶን»። ከየት የመጣ? የለም። ማን ሰጠ? የለም። መቼ? የለም። ያን ቀን ስቶሩ ውስጥ ዙሪያዬን ሳይ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ለቅሶ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ዕቃው ሁሉ አለ፣ ተደርድሯል፣ ተቆልፏል፣ ተቆጥሯል፣ ግን ጠፍቷል። ሰው ዕቃ ከመደርደሪያ ካልጠፋ የጠፋ አይመስለውም። እዛው መደርደሪያው ላይ እያለም ይጠፋል! መደርደሪያው ላይ እያለ!

ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቡና ላፍላልዎት፣ ይምጡልኝ» አልኳቸው። ከአቃቂ በሁለት ታክሲ መጡ፣ ያንኑ ጋቢ ለብሰው። «እንጨት 1» የተባለውን ፊታቸው አቡጀዲ ላይ አስቀመጥኩት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አልነኩትም፣ ጎንበስ ብለው አሸተቱት። «አሽትቺው» አሉኝ። ጎንበስ አልኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቅቤ ይሸታል። የቆየ፣ የደረቀ ቅቤ። «መሃሉን እይው» አሉኝ። ለካ ጎድጎድ ያለው ቦታ ከሌላው ጠቆር ብሎ ያበራል፣ ለስንት ጊዜ አይቼው ቫርኒሽ ነው ብዬ ያለፍኩት። «ይሄ የሴት ነው። ሹሩባ ተሠርታ ቅቤ ተቀብታ፣ ሹሩባዋ እንዳይፈርስ የምትተኛበት። ከከፋ ነው የመጣው። ያመጣችው አስተማሪ ናት፣ የአያቷ ነበር። ስትሰጠን አልቅሳለች።»

ስትሰጠን አልቅሳለች! ይሄ በሞዴል 19 የት ይጻፋል?

አምስት ቅዳሜ መጡልኝ። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይናገራሉ፣ በካርድ ላይ እጽፋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። በስድስተኛው ቅዳሜ ልጃቸው ደወለች፣ አሟቸዋል አለች። ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ አወቁኝ፣ ግን ወሬው ከሳቸው ሄዷል፣ እኔን እንኳ በሌላ ሰው ስም ነበር የሚጠሩኝ። ከዚያ ብዙም አልቆዩ። የደረስንበት አምስት ቅዳሜ ነው፣ ሌላው ሁሉ እንደ «እንጨት 1» ቀረ።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እያልን ነው ያደግነው፣ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ስንቶቻችን ነን የምናደርገው?

ቁጥር የሚባለውን ነገር ሰው ይንቀዋል። እስቲ ድንቅነሽን እንያት። በ1967 ኅዳር ወር ነው አፋር ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ የአካሏ 40 በመቶ ገደማ። ፈረንጆቹ ሉሲ ይሏታል፣ እኛ ድንቅነሽ። የመዝገብ ስሟን የምታውቁ አላችሁ? ኤኤል 288-1። አፋር፣ ቦታ ቁጥር 288፣ የመጀመሪያው ናሙና። በቃ። ይቺን ይዞ ሰው የተገኘችበት ኮረብታ ድረስ መሄድ ይችላል፣ ከየትኛው የአፈር ንብርብር እንደወጣች ያያል፣ ዕድሜዋም የታወቀው አፈሩ ስለታወቀ ነው። ይቺ ቁጥር ባትኖር ድንቅነሽ የአጥንት ስብርባሪ ናት። እጅግ ያረጀ ስብርባሪ፣ ግን ስብርባሪ።

ሌላ ልጨምር። በ2011 የአፄ ቴዎድሮስ ፀጉር ከለንደን ተመለሰ፣ ታስታውሳላችሁ፣ አልቅሰን ነው የተቀበልነው። ከመቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. የተወሰደው ንብረት በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ነው የተጫነው ይባላል፣ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስንቱ ነው ዛሬ የማን እንደሆነ የሚታወቀው? ፀጉሩ ግን የማን እንደሆነ ተጽፎ ነበር። የንጉሡን አስከሬን የሳለው ሰዓሊ ቤተሰቦች ናቸው በ1959 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዞቹ የጦር ሙዚየም የሰጡት፣ እሱም ተመዝግቧል። የወሰዱብን ሰዎች መዝግበው ስላቆዩ ነው ጠይቀን ያገኘነው። እኛስ እጃችን ላይ ያለውን መዝግበናል? ነገ አንዱ ቢሰረቅና ፓሪስ ጨረታ ላይ ብናየው፣ የኛ ነው ለማለት ምን ይዘን ነው የምንቆመው? «እንጨት 1» የሚል ወረቀት ይዘን? ቅርስ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ አለ፣ አዋጅ 209 ከወጣ ከ1992 ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው። ሕጉን የሚፈጽመው ግን ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ ካርድ የሚሞላው ልጅ ነው።

ለጀማሪዎች አንድ ነገር በተግባር ላሳያችሁ፣ ቶሎ እላለሁ። ቁጥር እንዴት ይጻፋል? እንጨት፣ ብረት፣ ሸክላ ከሆነ የማይታይ ቦታ ትመርጣላችሁ፣ ከታች ወይም ከጀርባ። ታጸዳላችሁ። አሴቶን ውስጥ የሟሟ ፓራሎይድ፣ ሲደርቅ እንደ ጥርት ያለ ቫርኒሽ የሚሆነውን፣ በቀጭን ብሩሽ አንድ ጣት የማይሞላ ቦታ ትቀባላችሁ። ትጠብቃላችሁ፣ እስኪደርቅ፣ አትቸኩሉ። በቀጭን ብዕር ቁጥሩን ትጽፋላችሁ። ሲደርቅ ከላይ ደግማችሁ ትቀባላችሁ። ከተሳሳታችሁ በአሴቶን ይለቃል፣ ዕቃው አይጎዳም። ጨርቅ ከሆነ የጥጥ ሪባን ላይ ጽፋችሁ በሁለት ስፌት ትሰፉታላችሁ። ብራና ከሆነ ለስላሳ እርሳስ ብቻ! በቢክ አይጻፍም፣ ስኮች አይለጠፍም፣ ስቴፕለር አይመታም። ስኮች የተለጠፈበት ሥዕል ላይ ሙጫውን ለማንሳት አንድ ወር ሙሉ ያጎነበሰች ጓደኛ አለችኝ፣ ወገቧ ዛሬም ያማታል።

ሦስተኛው፣ ስለ ሰዉ። ሰዓት እያለቀብኝ ነው አይደል? ሁለት ነገር ብቻ።

አንድ ቀን ከገጠር የመጡ እናት ከልጃቸው ጋር ገቡ። ልጅየው ሊያስጎበኛቸው ነው ያመጣቸው። መስቀሎቹ ጋ ሲደርሱ ቆሙ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ የመስታወቱን ሳጥን ተሳለሙ፣ ግንባራቸውን፣ ከዚያ ከንፈራቸውን። አዲስ የተቀጠረው ጥበቃ «እናት፣ መንካት ክልክል ነው» ብሎ ሊሄድ ሲል ክንዱን ያዝኩት። ልጃቸው አፍሮ «እማ፣ ሙዚየም ነው እኮ» ይላል። እሳቸው «መስቀል አይደል እንዴ?» አሉት። ምን ትመልሱላቸዋላችሁ? እኔ መልስ የለኝም ነበር። ለኛ የቁጥር ዕቃ ነው፣ የብረቱ ዓይነት፣ ቁመቱ፣ ክፍለ ዘመኑ። ለሳቸው መስቀል ነው። ከወጡ በኋላ መስታወቱ ላይ የከንፈራቸው ቅርጽ ቀርቶ ነበር፣ የምታጸዳው ልጅ ጨርቅ ይዛ መጥታ ቆመች። «እስኪ እስከ መዝጊያ ይቆይ» አልኳት። እሷም ደስ አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዛ መስቀል ካርድ ላይ «ጎብኚዎች ይሳለሙታል» ብዬ ጽፌበታለሁ። እሱም የዕቃው ታሪክ ነው።

ሌላው፣ መስቀል አደባባይ በ2002 የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ እዛ ካስጎበኙት መካከል ራሳቸው በዚያ ዘመን ታስረው የተገረፉ ሰዎች አሉ። የራስን ቁስል በቀን ስንት ጊዜ ለማያውቁት ሰው መንገር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ጎብኚው አንድ ሰዓት አይቶ ይወጣል፣ እሳቸው ነገም አሉ። አስጎብኚን «እንግሊዝኛ የሚችል» ብለን ብቻ የምንቀጥር ሰዎች ይሄን እናስብ። ሰው ነው፣ ያርፍ ዘንድ ይገባዋል፣ የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል።

ደመወዙን አላወራም፣ ታውቁታላችሁ። ያሠለጠንኳቸው ልጆች፣ ቁጥር በእጃቸው የለመዱ፣ ብራና ሲይዙ የሚያምርባቸው፣ አንዱ አስጎብኚ ድርጅት ሄዷል፣ አንዷ ዱባይ ናት፣ አንዱ ባንክ ገብቷል። አልፈርድባቸውም፣ የቤት ኪራይ አለ። ግን እያንዳንዱ ሲሄድ የያዘውን ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አለቃ የሆናችሁ፣ በጣም ነው የምለምናችሁ፣ ክሊራንስ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ወር ስጡት፣ መቅጃ ከፍታችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ዕቃ ቆጥሮ መረከብ ብቻ ርክክብ አይደለም።

ከፊት ረድፍ ጡረታ የወጣችሁ አባቶችና እናቶች አላችሁ፣ ሳያችሁ ነው ልቤ የሞላው። ሻይ ቡና አለ፣ ቶሎ እንዳትሄዱብኝ። ይሄን ፎቶ ይዤ መጥቻለሁ። ከቆዳ የተሠራ ነው፣ ክንድ ያክላል፣ አንዱ ጫፍ ላይ የነሐስ ቀለበት አለው፣ ሌላው ጫፍ ተሰፍቶ ተዘግቷል፣ መሃሉ ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ የቀዳዳዎቹ ዙሪያ በጣም ተልጓል፣ ገመድ ወይም ጣት ብዙ ጊዜ የገባበት ይመስላል። መዝገቡ «ቆዳ 1» ነው የሚለው። ለፈረስ ይሁን፣ ለሕፃን ይሁን፣ ለንብ ይሁን አላውቅም፣ ሦስት ዓመት ጠይቄያለሁ። ከዚህ ወንበር ጀምሬ አሳልፈዋለሁ፣ ወደ ኋላ አድርሱልኝ፣ ልጆችም እዩት፣ አያታችሁ ቤት አይታችሁት ይሆናል። የሚያውቀው ካለ፣ እርግጠኛ ባይሆንም፣ ከጀርባው ይጻፍልኝ፣ ስሙንና ስልኩንም። በእርሳስ ይሁን እባካችሁ፣ እርሳስ እዚህ አለ።